እትዬ ቾልዌ የዘጋችው ቧንቧ

ለተወደድከው ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ምዌምባ፤

እንደምን አለህልኝ? ደረትህስ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከማዕድኑ ጉድጓድ ስትወጣ ያጣድፍሃል? ባለቤትህ ኖምሳስ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ አደጉ? ትንሹ ትምህርት ቤት ገብቷል መሰለኝ፤ ገና ሳላየው ጎረምሳ ሊሆንብኝ ነው። እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላሳፈረንም። በቆሎው ደርቆ የሚሰበስበውን እጅ እየጠበቀ ነው፤ ላሞቹም እርጎ እስኪተርፈን ድረስ አጥግበውናል። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ደህና ነን ያልኩህ ለወጉ ያህል አይደለም። ያን ቀን ሱቁ ድረስ ደውለህ መስመሩ ሲቆረጥ፣ "ቾልዌን አሰሯት?" ስትል ብቻ ነው የሰማሁህ። ከዚያ ወዲያ አንተ በሰው አገር ሆነህ ምን ስታስብ እንደምታድር እያሰብኩ እኔም እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ። እህታችን አልታሰረችም ወንድሜ። ሬዲዮው የተናገረው ታገደች ብሎ ነው፤ እሱም ባለፈው ሳምንት ተነሥቶላታል። ከታመሙት ተማሪዎች አንድም አልሞተብንም። መጀመሪያ ይህን ስማና ተንፍስ፤ የቀረውን ቀስ ብዬ አጫውትሃለሁ።

አንተ ወደ ሩስተንበርግ ማዕድን ስትሄድ እትዬ ቾልዌ ገና ሉሳካ የሕክምና ተማሪ ስለነበረች፣ የኋላውን ነገር የምታውቀው በቁርጥራጭ ነው። ስትመረቅ ነጭ ጋውን ለብሳ ከተማ ትቀመጣለች ብለን ነበር። እሷ ግን በሞተር ብስክሌት ግዌምቤ ሸለቆ ወረደች። ኮሌራ ገባ የተባለበት መንደር ሁሉ አቧራ ለብሳ ትደርሳለች። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ "የሰው ልጅ ሐኪም ሲሆን መርፌ ይዞ ይመጣል፤ የኔዋ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች" እያለ ይስቅባት ነበር። እውነቱን ነው። የታመመውን ለነርሶቹ ትሰጥና ጎረቤቱን ትይዛለች። ምን በላህ? ከየት ቀዳህ? የማን ለቅሶ ሄድክ? አንተስ ምን ሆነህ ሳትታመም ቀረህ? አንዳንዱ ሰላይ መስላው ውሻ ለቆባታል። ኋላ ግን በሽታው ከየትኛው ጉድጓድ እንደተነሣ ስታሳያቸው፣ እነዚያው ሰዎች ዶሮ ይዘው ሊሸኟት ይመጡ ጀመር።

ከዚያ ውጭ አገር ሄዳ ተምራ መጣች፤ የወረርሽኝ ነገር የሚያጠኑ ልጆችን ስታስተምር ኖረች፤ በመጨረሻም እዚህ ናሙዙንጋ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አደረጓት። ሹመቱን የሰማች ዕለት ደስ ያላት አትመስልም ነበር። "በሽታ ማሳደድ እችላለሁ፤ ፕሮፌሰር እንዴት ይሳደዳል ቡምባ?" አለችኝ። እኔም እንደምታውቀው ባሌ ከሞተ ወዲህ ከእሷ ጋር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቪቱምቡዋ ሊጥ በዘይት እየጠበስኩ ለተማሪ እሸጣለሁ። "የፕሬዚዳንት እህት ሊጥ ትጠብሳለች እንዴ?" የሚሉኝ አልጠፉም። "ፕሬዚዳንቷ እሷ ናት፤ ሆዱ የኔ ነው" እላቸዋለሁ።

አዲሱ የሴቶች ዶርም ሲሠራ ውሃ አልነበረውም። ልጆቹ ባልዲ ተሸክመው ሚሲዮኑ ቧንቧ ድረስ ይሄዱ ነበር። እትዬ ቾልዌ ያልጻፈችበት፣ ያልለመነችው ድርጅት የለም። በስተኋላ ተሳካላትና ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ትልቅ ታንከርም አሰቀለች። በምረቃው ቀን ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ ሲገለጥ እኔ ጫማዬ እስኪበጠስ ጨፍሬያለሁ። በሕይወቷ ስሟ ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ጃንዋሪ ላይ፣ ተማሪዎቹ ከገና ዕረፍት ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ፣ ትኩሳት ገባ። ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከዚያም አልጋ ላይ መዋል። የሚሲዮኑ ሆስፒታል ታይፎይድ ነው አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ሙንካንታ ወዲያው በሩ ላይ ምግብ የምንሸጠውን ሴቶች ወነጀሉ። "እነዚያ ዝንብ የወረራቸው መጥበሻዎች ናቸው የፈጁን" አሉ። በማግስቱ ሊጤን ተሸክሜ ስደርስ ዘበኛው ከለከለኝ። የማን ትእዛዝ ነው ብለው፣ "የእህትሽ" አይለኝ መሰለህ!

ሊጤን እንደተሸከምኩ ቢሮዋ ገባሁ፤ ጸሐፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች። "እትዬ፣ እኔንም?" አልኳት።

"አንቺን በተለይ" አለችኝ። "አንቺን ትቼ እነሱን ባስነሣ ማን ያምነኛል? እናንተ ናችሁ ብዬም አላመንኩም። ብቻ ሳልጠይቅ አልፈርድም። ታገሺኝ።"

ተናድጄ ወጣሁ። የዚያን ዕለት ንሺማ አላገነፋሁም። መጥታ እራት ስትጠይቀኝ፣ "ምድጃውም ታግዷል" አልኳት። ሳቀችና ያደረ ስኳር ድንች አንሥታ በላች።

ከነጋ በኋላ ግን የዱሮዋ ቾልዌ ተመለሰች። ከረባት ያሰረውን ሁሉ ቢሮ በር ላይ አስቀምጣ ከዶርም ዶርም፣ ከአልጋ አልጋ ትዞር ጀመር። እኔንም እንደ ባዳ ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ። ዘወትር የሚበሉልሽ እነማን ናቸው አለችኝ። የአሮጌው ዶርም ወንዶች መሆናቸውን ነገርኳት፤ አንበጣ ናቸው፣ ምጣዱን ሊበሉት ምንም አይቀራቸው። ሄዳ ስታያቸው አንድም የታመመ የለባቸውም፤ ኳስ ሜዳ ላይ እየተራገጡ አገኘቻቸው። አልጋ የያዙት ከአዲሱ ዶርም የመጡ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ልብሳችን ዘይት ዘይት ይሸታል ብለው እኛን የሚጸየፉ ናቸው።

ከእነዚያ መካከል ሞኖ የምትባል አንዲት ልጅ ደህና ሆና አገኘቻት። አንቺስ እንዴት ተረፍሽ ስትላት፣ "የታንከሩ ውሃ ጨው ጨው ስለሚለኝ አልጠጣውም፤ ዛሬም ከሚሲዮኑ ነው የምቀዳው" አለች። ከታመሙት አንዱ ደግሞ ከተማ ውስጥ ከሚስቱ ጋር የሚኖር ዘበኛ ነው። ከተማሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢታጣ ቢታጣ፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከታንከሩ ጀሪካን ሞልቶ እንደሚወስድ ተገኘ።

የዚያን ቀን ወደ ማምሻው መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋንም አላወለቀች። "ቡምባ፣ እናንተ ነጻ ናችሁ" አለችኝ። ታዲያ ፊትሽ ምነው እንዲህ ጠቆረ አልኳት። "ውሃው ነው" አለችኝ። "የኔው ውሃ።" እኔም አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ናሙናውን ወደ ሉሳካ ላከች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ የታንከሩን ቧንቧ በገዛ እጇ ዘጋችው። አቶ ሙንካንታ ይህን ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም ጋሼ፤ ፈርተው ነው። እርጎ ሳቀርብላቸው ሳይቀምሱ አስቀመጡት። "ፕሮፌሰር፣ ውጤቱ እስኪመጣ ለጥገና ተዘግቷል እንበል" አሉ። "ገንዘቡን የሰጡን ሰዎች በቅርቡ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ድንጋዩ ላይ ያለው ስም እኮ የርስዎ ነው!"

"ልጆቹ በየአልጋቸው ሥር በጀሪካን ያስቀመጡት ውሃ አለ" አለቻቸው። "ጥገና ነው ካልናቸው ያንን ይጠጡታል እንጂ አይደፉትም። ስሜም ስላለበት ነው እኔው የምናገረው።"

ተማሪው ሁሉ ተሰበሰበ። እኛም የበሩ ሴቶች ከኋላ ቆመን ነበር። እትዬ ቾልዌ ከፊታችን ወጣች። "ያሳመማችሁ እኔ ያስመረቅሁት ውሃ ነው" አለች። "ያስቀመጣችሁትን አሁኑኑ ሄዳችሁ ድፉ። በር ላይ ያሉት ሴቶች ምንም አላደረጉም።" ከዚያ ከመሐል አንዱ፣ "ልትፈጅን ነበር!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላውም ተከተለው። ከዚያ ጩኸት መካከል ስትወጣ ያየኋትን ያህል ያሳዘነችኝ ቀን የለም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሴቶቹ ልጆች እየተሳደቡም ቢሆን ሮጠው ሄደው ጀሪካናቸውን ደፍተዋል። ግቢው በውሃ ረጥቦ ነው የዋለው።

ቦርዱ አገዳት፤ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። አንተ በሬዲዮ የሰማኸው ይህንን ነው። ገበያ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ገንዘቡን በልታ ነው የሚልም ነበር። እሷ ግን ቤት አልተቀመጠችም፤ ሆስፒታል ስትመላለስ ነው የከረመችው። ከሁሉም የጠናባት ሉያንዶ የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። በሽታው አንጀቷን በስቶት ኖሮ በቀዶ ጥገና ነው የተረፈችው፤ ብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች። እናቷ፣ በልጇ ስም ቢና ሉያንዶ የሚሏት፣ ከሸለቆው በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ያን ጊዜ እኔ ምግብ ይዤ ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ሴትየዋ እትዬ ቾልዌን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ "ልጄን የጣላት ያንቺ ውሃ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?" አለቻት።

"እውነት ነው" አለች እህትህ።

"ማን ደረሰበት?"

"እኔው ነኝ።"

"ደርሰሽበት ተናገርሽ?"

"ተናገርኩ።"

እኔ ሴትየዋ ልትመታት ነው ብዬ ሳህኔን አስቀመጥኩ። ኋላ ግን ከአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችላትና፣ "እንግዲያ ቁጭ በይ፤ ቆመሽ አትጠብቂያት" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ነው ልጅቱን ያስታመሟት።

የሉሳካው መልስ መጣ፤ ውሃው ውስጥ በሽታው ተገኘ። ኮሚቴውም መሬቱን አስቆፍሮ ምክንያቱን አየ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ንጹሕ ነበር። በኋላ አዲሱን የምግብ አዳራሽ የሠራው ተቋራጭ የፍሳሹን ቱቦ በሌላ በኩል ማሳለፍ ሲገባው በጉድጓዱ ጎን ቀብሮት፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ኖሯል። እሷ ግን እዚያም ቀርባ፣ "ቱቦው ሲቀበር ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም" አለች። ጠበቃ ብትሆን ለራሷ አትረባም። ያም ሆኖ ኮሚቴው፣ ቧንቧው በጊዜው ባይዘጋ ስንቱን እንቀብር ነበር ብሎ ጻፈ፤ ቦርዱም በአንድ ድምፅ መለሳት። አቶ ሙንካንታ ራሳቸው መጥተው ነገሩን። ሲወጡም፣ ቢያንስ ስምዎ ያለበትን ድንጋይ እናስነሣው ቢሏት፣ "ተዉት፤ ነገ ውሃው ቢበላሽ ማንን እንደሚጠይቁ ይወቁ" አለቻቸው።

ቱቦው ተነሥቶ፣ ታንከሩ ታጥቦ፣ ውሃው ተደጋግሞ ተመርምሮ ባለፈው ዓርብ ተከፈተ። ተማሪው ከቦ ቆመ፤ ማንም ግን ብርጭቆ አያነሣም። አንዱ ሌላውን "አንተ ቅደም" እያለ ይገፋል። እትዬ ቾልዌ ልትቀዳ እጇን ስትዘረጋ ቢና ሉያንዶ ከሰው መሐል ወጥታ ብርጭቆውን ተቀበለቻት። ፊቷን አየት አደረገችና፣ "ጠጪ ትይኛለሽ?" አለቻት። እህትህ፣ "ጠጪ" አለቻት። ሴትየዋ አንገቷን ቀና አድርጋ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው፤ አፏን ጠረገችና፣ "እውነትም ጨው ጨው ይላል" አለች። ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ ሞኖ የተባለችውማ "ብያችሁ ነበር!" እያለች ትዘል ነበር። ከዚያ በኋላ ወረፋው በግፊያ ሆነ።

እትዬ ቾልዌ የሥራ ዘመኗን ትጨርስና ወደ ማስተማሯ እንደምትመለስ ወስናለች። እኔም መጥበሻዬ ተመልሷል። ብቻ አሁን በሳሙና ታጥቤ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ ነው የምሠራው፤ አለዚያ ፕሬዚዳንቷ ራሷ መጥታ ታስነሣኛለች።

ልጄ ልዌንዶ ሰላም ብላሃለች፤ ከኖምሳ ጨርቅ ትጠብቃለች። አጎታችን ሀቤንዙ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፅህን ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው ንገሪው ብለውኛል። ላሞቹን የሚጠብቅልን ቺሙካ፣ ጥቁሯ ላም ወልዳለችና ጥጃዋን ስም አውጣላት ብሎሃል። ቢና ሉያንዶ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ ሉያንዶ ግን ጉልበቷ እስኪጠና እኛ ዘንድ ናት። ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች፤ አሁን ወጥ ቤት ገብታ ሁለተኛ ሳህን እየሞላች ነው። ኖምሳን ሳምልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፍልኝ።

እትዬ ቾልዌ በራሷ እጅ ሰላምታ እንድትጽፍልህ ብዬ ከዚህ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ትቼላት ነበር። ምሳ በልታ ከማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ እኔ ደግሞ አልቀሰቅሳትም። ቦታው ባዶ ሆኖ ቢደርስህ፣ ተኝታ ነው በል።

እህትህ ቡምባ
ናሙዙንጋ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1996