ጃንጥላሽን እንዳትረሺ

ለእማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግርሽ ግራ ጉልበትሽ። የልብሽን ክኒንስ በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ አሁንም ከዱቄት ቆርቆሮው ጀርባ ትደብቂዋለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና የምለው ስለሚባል ነው። እስከ ዛሬ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ሌላው ደህና ነው።

ማክሰኞ ቨርሊን ደወለችልኝ። እህቴ ስልክ ላይ ሰላምታ እንደማታውቅ ታውቂያለሽ። «ቅዳሜ እማዬ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል። ድግሱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ትመጣና በሰዉ ሁሉ ፊት ቆመህ እውነቱን ትናገራለህ» አለችኝ። የቱን እውነት አልኳት። «የትግል ግጥሚያው ሁሉ ትያትር እንደነበረ ነዋ! የድሮ አለቃህ ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ተናዟል። አንተ ብቻ ቀረህ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው ያቺ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው። አንድ ቀን እንኳ ቀና ትበል። የማትናገር ከሆነ አትምጣ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ለዚህ ነው ለአንቺ የምጽፈው። አልናገርም።

የትግል አሰልጣኙ ሽማግሌው ሄስ በጎተራው ውስጥ ሲያስተምረኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለመታገል አልሆንኩም፤ ትከሻዬ ጠባብ ነው፣ አፌ ግን ሰፊ። «አንተ ማናጀር ትሆናለህ። ክፉውን ተፋላሚ እየመራህ ትገባለህ፣ ሰዉን ታናድዳለህ፣ ዳኛው ዞር ሲል በከዘራ ትመታለህ» አለኝ። እንዲህ ብሎኝም ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጄ ሲወርድ ቀኝ እግሬን እኩል ጣውላው ላይ መምታት። ደህና ምት መጨረሻ ወንበር ላይ ላለው ይሰማል፣ ለተመታው ግን አይሰማም ይል ነበር። ይህን ለማንም፣ ለወለደችህም ጭምር፣ ብትተነፍስ አፍህን እሰፋዋለሁ አለኝ። ሠላሳ ዓመት አልተነፈስኩም። ዛሬም አዲስ ነገር የነገርኩሽ አይመስለኝም።

ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረው ልጅሽ ፕሮፌሰር ዱቫል ተባለ። ቀይ ኮት። ባለ ብር እጀታ ከዘራ። በየከተማው እየዞርኩ ገበሬዎችን ሳሙና የማያውቁ እያልኩ ሰደብኩ። ጎማዬን ቀደዱት። በሲጋራ ጀርባዬን ተረኮሱኝ። ምራቃቸውን ከኮቴ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ለመድኩ፤ በሙቅ ከሆነ ዕድፉ አይለቅም።

ሕጋችንን ታውቂያለሽ። ክፉና ደግ በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ገበታ አይበሉም፣ ሰው እያየ አይጨባበጡም። ኦርቪል ታሽ ደጉ ተፋላሚ ነበር። የከተማው ኩራት፣ በቤተ ክርስቲያንሽ መዘምራን ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያለው። አሥራ ሁለት ዓመት ከኋላው እየመጣሁ መታሁት። አሥራ ሁለት ዓመት፣ በወር አንዴ፣ ማንም ከማያውቀን ወንዝ ዳር ተገናኝተን ዓሣ አጠመድን። ከእሱ የሚበልጥ ወዳጅ የለኝም። ይህን ማንም አያውቅም።

አባቴ ሲሞት ኦርቪል ከሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበር።

እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ መኪና ውስጥ። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ መዝሙሩን ሰማሁ። የቤተ ክርስቲያንሽ ሚስ ኢዶራ አየችኝና መንገዱን ተሻግራ መጥታ መስታወቱ ላይ ተፋች። «አባቱን የማይቀብር ውሻ!» አለች። አንቺ ዞር አላልሽም። ማንም አትሂድ አላለኝም፣ እማዬ። አለቃዬም አላለኝም። ኦርቪል እዚያ ነበር፣ ከተማው ሁሉ እዚያ ነበር፣ ከጎኑ ብቆም የሚሆነውን አሰብኩ፤ እያሰብኩ አፈሩ አለቀ።

ቨርሊን የምትጠይቀኝ ይህን ነው፣ ሳታውቀው። ትያትር ነበር ካልኩ አባቴን ሳልቀብር የቀረሁት ለትያትር ነው ማለት ነው። አልልም። ሞቼም አልልም።

ሁለት ወር አለፈ። ቅዳሜ፣ ትግላችን የሚታይበት የአውደ ርዕዩ አዳራሽ። አንድም ቀን ረግጠሽው የማታውቂው ቦታ። የቀብር ቆብሽን አድርገሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠሻል። ማይክሮፎኑን ይዤ ከተማውን እየሰደብኩ ሳለ አየሁሽ። ተነሳሽ። ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ መንገድ ለቀቀልሽ። ጃንጥላሽን አነሳሽ።

ቀኝ እግርሽ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ጃንጥላው ትከሻዬ ላይ ያረፈው ግን እንደ እርጥብ ቅጠል ነው።

ወደቅሁ። ምን ላድርግ? ጣሪያው ሊነቀል ደረሰ። ሚስ ኢዶራ ወንበር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታ ጠፍቶ ሦስት መቶ ሰው ከበር ተመለሰ። አለቃዬ «አንተን ላባርርና እናትህን ልቅጠር?» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ደወልሽ። ትከሻህን አመመህ? አልሽኝ። በጣም አመመኝ አልኩሽ። ደግ አደረግሁ አልሽኝ። መጥበሻው ሲንጣጣ ይሰማኛል። ብላ፣ ከስተሃል ብለሽ ዘጋሽ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

አሁን የኦርቪል አንገት ተሰብሮ ድኗል፣ አዳራሾቹም ተዘግተዋል። እኔ ናሽቪል ውስጥ ከረባት አስሬ ማርኬቲንግ የሚሉትን እሠራለሁ፤ ለበረዶ ላይ ዳንሰኞች፣ ለሰርከስ፣ ለዘፋኞች ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ኮሌጅ የጨረሱት ልጆች ከየት ተማርከው ይሉኛል። ሰው ትኬት የሚገዛው ደስ ሊለው አይደለም፣ አንዱ የእጁን ሲያገኝ ሊያይ ነው እላቸዋለሁ፤ ይጽፉታል። ባለፈው ወር የድሮ አለቃዬ ምስጢር ሊያወጣ በየከተማው ሊዞር ነውና ፖስተሩን አንተ ጻፍ ተባልኩ። ባዶ ወረቀት መለስኩላቸው። ኃላፊዬ፣ ዕድሜው የእኔን ግማሽ ነው፣ «ፕሮፌሰር፣ ነገሩ እኮ ሞቷል። ማንን ነው የምትሸፍነው?» አለኝ። እናቴን አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከሥራ ያስወጣኝ እንደሆነ ያስወጣኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቨርሊን በሩን ብትቆልፍም እመጣለሁ። ቀዩን ኮት ልብስ ሰፊው ሆዱ ላይ አስፍቶልኛል፤ ከዘራውም አለ። ኬኩ ሊቆረስ ሲል እገባና የዚህ ከተማ ብስኩት ድንጋይ ስለሆነ ለመንገድ ሥራ ይሁን እላለሁ። ሚስ ኢዶራ ከነምርኩዟ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ኦርቪልን አልጨብጠውም። አንገቷን የደፋች ይሉሻል፤ ቀና ስትዪ ይዩሽ።

አንቺ ከመተላለፊያው ጥግ ተቀመጪ። የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው፤ ድምፁ ከሲሚንቶው ይበልጣል። ጃንጥላሽን እንዳትረሺ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን እንደ ወንዙ ያርዝመው፤ ዓይንሽን ያብራልኝ፤ ከሁሉ በላይ ቀኝ እግርሽን ያጽናልኝ።

ትከሻው እስከ ዛሬ የሚያመው፣
ልጅሽ