«ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም…»፦ የመምህርት ኤፒፋኒያ ማግባኑዋ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ኤፒፋኒያ ማግባኑዋ በመጨረሻዋ ሰዓታቸው ፈርተው ነበር ወይ? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ ሮሜል እስካሁን መልስ የለውም። የሚያውቀውን ብቻ እንደሚከተለው ያቀርባል።

መምህርት ኤፒፋኒያ ከአባታቸው ከአቶ ካሲያኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊብራዳ እ.ኤ.አ. በ1958 በፊሊፒንስ፣ በፓናይ ደሴት፣ በሊናዋ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። በኢሎይሎ ከተማ በመምህርነት ሠልጥነው በ1979 ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ በ1981 ዓሣ አጥማጁን አቶ ፌርሚንን አገቡ። ልጅ አልወለዱም።

በሊናዋ መንደር፣ ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ «ፈራሁ» አይባልም፤ ባሕሩ ሰምቶ ጀልባዋን ይወስዳል ይባላልና። በ1989 አንድ ጠዋት መምህርት ኤፒፋኒያ የባለቤታቸውን ጀልባ የሚደግፈው የጎን ቀርከሃ መሰንጠቁን አዩ። ጀልባዋ ግን ውሃ ውስጥ ገብታ ነበርና ቃሉን ዋጡት። አቶ ፌርሚን አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች «ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጽፉና እያንዳንዱን ያስጨርሱ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ደብተራቸውን በክንዳቸው ይጋርዱ ነበር። ቆይተው ጻፉ፦ «ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም የአያቴ ሳል ድንገት ቆመ።» «ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም አባቴ ሲስቅ እናቴ አትስቅም።»

አባቶችም ደጃፍ ላይ ቆመው «ቲቸር፣ ማንበብ ያስተምሩልን! መንቀጥቀጡን እኛው እናውቅበታለን!» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም «እናንተማ ስትንቀጠቀጡ ብርድ ነው ትላላችሁ፤ ልጆቹ እንኳ ስሙን ይወቁት» ይሉ ነበር።

ሮሜል በስምንት ዓመቱ «እኔ ምንም አልፈራም» ብሎ ጻፈ። አክስቱ በቀይ «አላለቀም» ብለው መለሱለት። አሥራ ሁለት ዓመት ኖርዌይ ተምሮ አምና ሲመለስ «አክስቴ፣ ልጆቹን ፈሪ እያደረጓቸው እኮ ነው» አላቸው። ሳቁበት። «አንተስ፣ ዓረፍተ ነገርህን ጨረስከው?» አሉት።

በያዝነው ወር፣ ኖቬምበር 6 ቀን ማዕበሉ ሲመጣ ጀልባዎቹ ባሕር ላይ ነበሩ። ስለዚህ እናቶች ወደ ኮረብታው ቤተ ክርስቲያን አልሸሹም፤ መሸሽ ቃሉን ከመናገር አይለይምና። ነፋሱ ቆርቆሮ እየገነጠለ ሳለ መምህርት ኤፒፋኒያ በየበሩ ቆመው ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ «ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም?» አሏቸው። ልጆቹም «እማዬ፣ ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው ደረጃችን ላይ ወጥቷል!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። የመንደሩ አርባ ሦስቱም ልጆች ኮረብታው ላይ ደረሱ።

አንድ ሰው ቀርተው ነበር፤ ቤቴን አልለቅም ያሉት አዛውንቱ አቶ ቴዎፊሎ። መምህርት ኤፒፋኒያ ሮሜልን «ልጆቹን ያዝ፣ መጣሁ» ብለውት ወረዱ። ሮሜል ሊከተላቸው ፈለገ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ግን አላለፈም። ሁለቱም በሦስተኛው ቀን በአንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ተገኙ፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ።

መምህርት ኤፒፋኒያ ወንድማቸውን አቶ ሲልቨርዮን፣ ሮሜልንና ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሯቸውን የሊናዋ ልጆች ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ያኑርልን።

ማዕበሉ በመጣበት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የስልክ መስመር ሳይቋረጥ፣ ሮሜል ከኮረብታው ሆኖ ጻፈላቸው፦ «አክስቴ፣ ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ሁሉ እዚህ አሉ፤ እርስዎ ግን የሉም። ጨረስኩት። አነበቡት?»