ቀይ የሚያበራው ሳጥን

ጥቅምት 9፣ 2008
መብራት የለም። ወንድሜ ቀናው ሱቁ ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ይሳሳቃል። እኔ ውስጥ ገመድ እልጣለሁ። ከሶላር ባትሪ ስልክ የሚሞላውን ገመድ የምሠራው እኔ፣ የሚሸጠው እሱ። ጅጅጋ ውስጥ ከኛ የሚሻል የለም ይላል። ይበል።

ጥቅምት 14
ደንበኛችን ዐዎ ከሐርተሼክ መጣች። እዚያ በሶላር የሰው ስልክ እየሞላች ነው የምትኖረው። እንደ ወትሮው በሶማልኛ «አባዮ»፣ እህቴ፣ አላለችኝም። ከኛ የገዛችውን ገመድ ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የሰው ስልክ ተቃጥሎባታል።
«ወላሂ፣ ከእንግዲህ ማን አምኖ ስልኩን ይሰጠኛል?»
ቀናው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የበየደችው እህቴ ናት፣ እኔ ምን ላድርግ።» እፊቴ! ደሜ ፈላ። ከዚህ እጄ ሌላ ምን አለኝ?

ጥቅምት 15
ገመዱን ሰንጥቄ አየሁት። ብየዳዬ እንዳለ ነው። የቀለጠው መሃሉ ነው... ሽቦውን በምላጭ ብፍቀው ነጭ ሆነ። መዳቡ ቅብ ብቻ፣ ውስጡ አሉሚኒየም! ቀናው ከድንበር፣ ከቶጎ ውጫሌ፣ በርካሽ ያመጣው ጥቅል ነው። ሲታጠፍ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፣ ከዚያ ይግላል። ከደህናው ጋር ቀላቅሎታል፣ በዓይን አይለይም።
ነገርኩት። «ሰበብ አትፈልጊ» አለኝ። እኔ ሰበብ ፈላጊ... እሺ፣ ገመድ የሚፈትን ማሽን ሠርቼ አሳየዋለሁ።

ጥቅምት 28
ማሽኑን ሳጥን ውስጥ ገጠምኩት፤ የባጃጅ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ገመዱን ያጣጥፋል። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ቺፕ በገመዱ የሚያልፈውን ኃይል ይለካል። ካልወረደ አረንጓዴ አምፖል ይበራል፣ ከወረደ ቀይ። የሰው እጅ የለበትም። ዛሬ ግን ደህናውንም ቀይ አለ። ልከሰክሰው ነበር። ለካ ሞተሩ ሲነሣ ኃይል ይሻማል። ለብቻው ባትሪ ሰጠሁት።

ኅዳር 2
ሠራ። ደህናው ገመድ አረንጓዴ፣ የቶጎ ውጫሌው ትንሽ እንደታጠፈ ቀይ። ቀናውን ጠርቼ አሳየሁት። ይቅርታ ይላል ብዬ... ሞኝ። «ደንበኛ ፊት እናስቀምጠው፣ ያምርብናል» አለ። ጥቅሉስ? አልኩት። «እሱ ተሽጦ ይለቅና ሌላ እንገዛለን።»

ኅዳር 5
ስገባ ቀናው ለደንበኛ እየፈተነ ነው። አረንጓዴ። ሌላ፣ አረንጓዴ። ከዚያው ጥቅል! ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀዩን አምፖል ነቅሎ አረንጓዴ ተክሎበታል። ምን ዓይነት ሰው ነው?
«አትግዛ» አልኩት ደንበኛውን።
«አትጠገብ፣ ሱቄን ልታስዘጊኝ ነው?» አለ ቀናው።
ሳጥኔን ታቅፌ ወጣሁ።

ኅዳር 6
ጓደኛዬ ነስራ ከካርድ መሸጫዋ ጥግ ሰጠችኝ። እማዬ ደወለች። «በሰው አገር ከወንድምሽ ጋር ትጣያለሽ?» ምን ልበላት... ቀይ አምፖል ገዛሁ።

ታኅሣሥ 20
ነስራ ጋ ገመድ እየፈተንኩ ወደምሸጥበት ጥግ ቀናው መጣ። በፌስታል ገመድ ይዞ። ለካ ሰው እሱ ሱቅ ገብቶ «አትጠገብ ፈትናዋለች?» እያለ ሳይገዛ ይመለሳል። «ፈትኚልኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ዐዎ ገመድ ልትወስድ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች።
የመጀመሪያውን ሰካሁ። ቀይ። ዐዎ ቀና ብላ አየችው። የሚቀጥለውም ቀይ። ይከራከራል ብዬ ነበር፣ አልተከራከረም። መቁረጫዬን ስፈልግ ራሱ አንሥቶ ሰጠኝ። ይቅርታ ግን አላለም።
ንዴቴ አልበረደም። መቁረጫውን ተቀበልኩትና ቀይ ያሉትን ገመዶች እፊቱ ቆረጥኳቸው።