አባቴ ከየትኛው ሰሌዳ ላይ ይሰቀል?

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ነገ የከተማችን የምሥረታ በዓል ነው። የአባቴን ፎቶ ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ከደጋ መጥቶ እዚህ የመጀመሪያውን ወፍጮ የተከለው እሱ ነው። የመሥራቾቹ ፎቶ የተደረደረው በየሶማሌ ጎሳቸው የዘር ሐረግ ነው። የዐውደ ርእዩ ኃላፊ አብዲ ተማሪዬ ነበር።

«መምህር፣ አባትዎን ከየትኛው ሐረግ ላስገባቸው?»

«ከወፍጮው ሐረግ!» አልኩት።

ሳቀ። «‹እንግዶቻችን› የሚል ሰሌዳ አለ። በሩ አጠገብ ነው፤ ሁሉም ያያቸዋል።»

«እዚሁ ሠርቶ እዚሁ የተቀበረ ሰው እንግዳ ነው?»

«አይቆጡ እንጂ! እኛ ዘንድ እንግዳ ክቡር ነው።»

ከልቡ ነው የተናገረው፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ፎቶውን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

እናቴ የክት ቀሚሷን ተኩሳ ጠበቀችኝ። «ሰቀሉት?» አለችኝ። ሶማሊኛ ከእኔ በላይ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ከሰሌዳው አናት ላይ ምን እንደተጻፈ ማንም ካልነገራት፣ ነገ ፎቶው ሥር ቆማ ለመጣው ሁሉ «ባሌ ነው» ትላለች።

«ጠዋት ይሰቀላል» አልኳት።

እንግዲህ ነጥቄ የወጣሁትን ፎቶ ይዤ አብዲ ፊት እንዴት እንደምቆም አላውቅም።