የአሮጊቷ መኪና እስትንፋስ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አባዬን ቀስ አድርገሽ አሳምኚው፤ ጋራዡን ይዝጋ። ጆሮው የማይሰማ መካኒክ ምን ይሠራል? እኔ ጋ መጥቶ ይረፍ» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተስማምቼ ነበር። ደንበኛ ሲያናግረው ያልሰማውን እንደሰማ ሰው ፈገግ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ማየት አንጀቴን ይበላዋል። አንተ እያለህ ጆሮው አንተ ነበርክ። ከሄድክ ወዲህ ያቺን የሚወዳትን የእንግሊዝ መኪና፣ አሮጊቷን፣ አንድም ቀን ኮፈኗን ከፍቶ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ልነግረው ቆረጥኩ። ክፉ ወሬ ይዤ ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዬ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሱ ጋደም ባለበት፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉላትን የአሮጊቷን ሁለት ካርቡራተሮች ፈታኋቸው። አትሳቅ። ስንት ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ብሎን አያቅተኝም። ክዳኖቹን፣ በውስጣቸው ያሉትን ትንንሽ ፒስተኖች፣ ሁሉንም አንድ ሳፋ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ገጠምኩ። ሁለቱ ካርቡራተሮች ቁርጥ አንድ ናቸው፤ የቱ ክዳን የየትኛው ፒስተን እንደሆነ መለየት እንዳለብኝ በምን ልወቅ?

እሁድ ሳስነሳት ሳል በሳል ሆነች። ቤንዚን ስሰጣት ጭራሽ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትንቀጠቀጣለች። አባዬ ጭሱን በመስኮት አይቶ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ወጣ። ምንም ሳይጠይቀኝ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈና ትንሽ ቆየ።

«አንቺ፣ ሁለቱን ባንድ ሳፋ ነው ያጠብሻቸው?»

አዎ አልኩት።

«ጎሽ። ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት አፋተሽ፣ አቀያይረሽ ድረሻቸዋል።»

ለካ እያንዳንዱ ፒስተን ከገዛ ክዳኑ ጋር ነው ልክ የወጣለት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ፀጉር አያስገባም፤ ለሌላው ክዳን ግን እንግዳ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ፒስተኑን በጣቱ ከፍ አደረገና ለቀቀው። ደህና ሲሆን «ቋ» ብሎ ይወድቃል፤ ያቺን «ቋ» ትሰማለት የነበርከው አንተ ነህ። አሁን ዓይኑን ጨፈነና የጣቱን ጫፍ ክዳኑ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። «እየቧጨረው ነው» አለኝ። ክዳኖቹን አቀያየራቸው፣ ፒስተኑን እንደገና ለቀቀው። ፊቱ ፈካ። «ቤቱ ገባ።»

ከዚያ፣ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር አሳየኝ። ከፒስተኑ ሥር መርፌ አለች። እኔ ስንት ዓይነት መርፌ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም። ጫፏ ቀጭን ነው፣ ወደ ላይ እየወፈረች ትሄዳለች፤ ቤንዚን በሚወጣባት ቀዳዳ ውስጥ ቆማለች። ሞተሩን አስነስቶ «ርገጪ» አለኝና መሪው ጋ ሆኜ ረገጥኩ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥንና እሱ ሲረግጥ እኔ በካርቡራተሩ አፍ አጎንብሼ አየሁ። ፒስተኑ ማንም ሳይነካው ተነሣ። ሽቦ የለው፣ ገመድ የለው። ሲለቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ማነው የሚያነሣው?» አልኩት ከንፈሬን እንዲያይ ቀና ብዬ።

«ራሷ ናት። አየር ስትስብ ትንፋሿ ያነሣዋል። መርፌዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። የሚበቃትን ያህል ራሷ ትቀዳለች። ከላይ የምንጨምረው ቀጭን ዘይት ደግሞ ፒስተኑ እንዳይቅበጠበጥ ይይዘዋል። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው ይላል። እኔ እዚያው አጎንብሼ ቀረሁ። ያቺ ሁልጊዜ በአጠገቧ የማልፍባት ብረት ለካ እንደ እኔው ትተነፍሳለች።

የቀረው የሁለቱን ካርቡራተሮች የአየር አሳሳብ እኩል ማድረግ ነበር። የዚያችን ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮህ ላይ አድርገህ የሁለቱን ፉጨት ታነጻጽርለት እንደነበር ታስታውሳለህ። እኔን ይጠራኛል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። አልጠራኝም። የታች ከንፈሩን በምላሱ አራሰና ጆሮ ላይ የሚውለውን የጎማውን ጫፍ እዚያ ላይ አሳረፈው። መጀመሪያ የፊተኛው፣ ከዚያ የኋለኛው፣ እንደገና የፊተኛው። «ይቺ በርታ አድርጋ ትስባለች» ብሎ በካቻቢቴ ብሎኗን ነካ አደረጋት፤ መዞሯን እንኳ ዓይኔ አልያዘውም። አሮጊቷ ዝግ አለች፣ ረጋች፣ ያለችም አልመስል አለች።

«እስቲ ድምጿን ንገሪኝ» አለኝ።

ዓይኔ ሞላ። «ልክ ናት» አልኩት በስንት መከራ።

«ልክነቷንማ አውቃለሁ። ድምጿ ናፍቆኝ ነው።»

ወንድሜ፣ የላክኸኝን መልእክት አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ሐሳብህ ካልተለወጠ ራስህ ና። ፊት ለፊቱ ቁምና «ከእንግዲህ ይብቃህ» በለው። ከንፈርህን እንዲያነብ ቀስ ብለህ ተናገር። ካቻቢቴውንም ከእጁ አንተው ተቀበለው።

የምትወድህ እህትህ