አክስቴ በአምስት ዳኞች ፊት

ውድ አክስቴ፣

ሳልደውልልሽ የዋልኩት ጨክኜ እንዳይመስልሽ። «ውሳኔው የተነበበ ቀን በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ አንቺ ስልክ ከያዝሽ ከወሬ ወሬ እየዘለልሽ ልቤን ታደርቂዋለሽ። ጻፊልኝና ቁጭ ብዬ ላንብበው» ያልሽኝ አንቺው ነሽ። የምጽፍበት መጽሔት ላይ ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቅሽም፣ የማንንም ስም እስካልጠራሁ ድረስ የፈለግሁትን እንዳደርግ ፈቅደሽልኛል። ስለዚህ አንባቢዎቼ ከኋላሽ ቆመው አብረውሽ ቢያነቡ እንዳትቆጪ። ልማድሽንም አውቃለሁ፤ ገልብጠሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። በተራው ይደርሳል።

ነገሩን ለማያውቁት ስል አንቺ የምታውቂውን ልድገመው። አንቺና ጋሼ ከልብስ ስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው ቤት አብራችሁ አረጃችሁ። እሱ ይቆርጣል፣ አንቺ ትዘመዝሚያለሽ። እሱ ደንበኛ ያስቀይማል፣ አንቺ ታስታርቂያለሽ። የጋብቻ ወረቀት ግን አልነበራችሁም። ዛሬ ነገ ስትሉ፣ የሰው ሙሽራ ስታለብሱ የራሳችሁን ረሳችሁት። ጋሼ ሲሞት ታናሽ ወንድሙ ብቅ አለና «ሴትዮዋ የወንድሜ ሠራተኛ ነበረች፤ ቤቱን ትልቀቅ» ብሎ ከሰሰሽ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጎረቤቶችሽን ሰምቶ ሚስቱ ናት አለ። የይግባኙ ደግሞ ወረቀት የለም፣ ወረቀት ከሌለ ጋብቻ የለም ብሎ ገለበጠው።

ያን ዕለት ያልሽኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ቤቱንስ ይውሰደው። ግን ሠራተኛው ነበረች ተብሎ ከተጻፈ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማን ነበርኩ?»

በዚህ ምክንያት ነው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄድነው። የሄድንበትን ቀን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል፤ ይቅር በይኝ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» እያልሽ ንግግርሽን ስታጠኚ ከረምሽ። ዕቃ ስታጥቢ ሳይቀር ሳህኖቹን «ክቡራን ዳኞች» ትያቸው ነበር። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ሰፈሩን ሰብስበሽ ሚኒባስ ላይ ጫንሽው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሱቋን ዘግታ፣ ጫማ ሰሪው ከረባት አስሮ፣ ነርሷ ጎረቤትሽ ከአዳር ሥራዋ ሳትተኛ። የበሩ ጥበቃ አያችሁና ሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ በኩራት «ምስክር ነን» አለችው። ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ከረባቱን አየና እዚህ ቤት ምስክር እንደማይሰማ ነገረን። ጠበቃሽም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሮሽ ነበር። አንቺ ግን ሁለቱንም አላመንሻቸው። ሰው ችግሩን ሊናገር ካልሆነ ዳኛ ለምን ይቀመጣል ብለሽ ጭፍራሽን አስከትለሽ ገባሽ።

አዳራሹ ከጠበቅነው ያንስ ነበር። ከፍ ብለው አምስት ዳኞች፣ ከፊታቸው የመዝገብ ክምር፣ ከበላያቸው ሲጢጥ የምትል ማራገቢያ። የመሃል ዳኛዋ ሁለቱን ጠበቆች አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው። እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው በምስክር ከተረጋገጠ፣ ወረቀት የግድ ነው የሚለው የትኛው ሕግ ነው? ጠበቆቹ አንቀጽ ሲቆጥሩ አንቺ ብድግ አልሽ። ያ ሁሉ ጥናት ጠፍቶ «እኔን ጠይቁኝ እንጂ! እነዚህ አብረውን አልኖሩ» አልሽ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። የተናገሩት ሁሉ ተጽፎ ደርሶናል።»

ተቀመጥሽ።

ውጭ ስንወጣ ጠበቃሽ አንድ ባንድ አስረዳን። ምን ሆነ ብለው የሚያጣሩት የታች ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ ይሄኛው የሚያየው ከታች ሕጉ ሲተረጎም የተሳተ ነገር እንዳለ ብቻ ነው። ጫማ ሰሪው ወዲያው ገባው። «እንደሱ በለኛ! እነዚህ ጫማ አይሰፉም፤ የተሰፋው ተጣሞ እንደሆነ ነው የሚያዩት» አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ካንቺ በቀር። አንቺማ «ሳይሰሙኝ ሊፈርዱብኝ» ብለሽ ታላቅ እህትሽ ዘንድ ሄድሽ። ዳግመኛ እዚያ ደጅ አልደርስም ብለሽም ማልሽ።

እናም ዛሬ ብቻዬን ሄድኩልሽ። ወንድምየው ፊት ለፊት ተቀምጧል። የለበሰውን ኮት ወዲያው ለየሁት፤ የጋሼ ስፌት ነው፣ የእጅጌው ዝምዝማት ደግሞ ያንቺ እጅ። ያንን ለብሶ ነው እንግዲህ ሠራተኛ ናት ብሎ ሊያስፈርድብሽ የመጣው።

የመሃል ዳኛዋ ማንበብ ጀመሩ። ብዙውን አልያዝኩትም። አንድ ቦታ ላይ ግን ነርሷ ታች ፍርድ ቤት የሰጠችውን ቃል እንዳለ አነበቡት። «ሲታመም አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ታድር ነበር። ለሆስፒታሉ ቅጽ ብዬ የታማሚው ምን ነሽ ስላት፣ ምኑ ያልሆንኩት አለ? አለችኝ።» አክስቴ፣ ሳይሰሙኝ ስትይ ከርመሽ፣ ያንቺኑ ቃል ነበር የሚያነቡት።

ከዚያ ተፈረደ። ወረቀት ጋብቻ የሚታወቅበት አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም። አብረው እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው ተረጋግጦ ሳለ ወረቀት የለም ብሎ ሚስትነቷን መካድ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው። የይግባኙ ውሳኔ ተሽሯል። «አመልካቿ የሟች ሚስት ናቸው።»

አሁን ትንሽ አልቅሺ። እኔም አልቅሼ ነው የቀጠልኩት።

አምስቱም አልተስማሙም። ዳር ላይ የተቀመጡት ቀጭን ዳኛ የልዩነት ሐሳባቸውን አነበቡ። ወረቀት ከቀረ ነገ ሟች በተቀበረ ማግስት ሚስት ነኝ ባይ ይበዛል፤ እውነተኛዋንም ማን ያምናታል አሉ። ልቆጣቸው ነበር፤ ግን ፍርሃታቸው የክፋት አልመሰለኝም። ጠበቃሽ እንደነገረኝ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመጣባቸው የበታች ዳኞች ሁሉ ያንቺን ፍርድ መከተል አለባቸው። ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ የመዝገቡን ቁጥር ጠየቀችኝ። ወረቀት ስላልነበራት መዳፏ ላይ ጻፈችው። እሷም ታች ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት።

ደረጃው ላይ ወንድምየው ቆሟል። ፊቴን አዙሬ ላልፈው ስል ጠራኝ።

«ብሄድ ታስገባኛለች?» አለ።

ማን ታስገባዎት አልኩት፤ ሆን ብዬ ነው።

«የወንድሜ ሚስት።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ስለ ቤቱ ሊነጋገር እንዳልሆነ፣ ቤቱ በሕግ ያለቀ ነገር መሆኑን ነገረኝ። የወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ ካንቺ ጋር አለማልቀሱ አሁን ከነከነው መሰለኝ፤ እሱን ሊነግረኝ ጀመረና አልጨረሰውም። እሷን ይጠይቁ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩትና ያለሽበትን የእህትሽን ቤት አድራሻ ሰጠሁት። ከተቆጣሽ ተቆጪኝ።

ቅዳሜ ይመጣል። ሰፈሩ ከወዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። ዳቦ ጋጋሪዋ በሩን ጠርቅሚበት ትላለች፣ ጫማ ሰሪው ዘመድ ነው ይግባ ይላል። እኔንም ምን ትያለሽ ሲሉኝ አፌን ይዣለሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። በዚህ ጉዳይ ዳኛዋ አንቺ ብቻ ነሽ። የምትወስኚውንም የሚሽር ማንም የለም።

የምትወድሽ፣
አፈኛዋ የወንድምሽ ልጅ