በካፖርቱ ኪስ የሄደው ሌንስ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምናፍቅህ፣ ዛሬ ግን አጠገቤ ብትሆን ጆሮህን ይዤ ባዞርኩት ለምልህ ወንድሜ ለታላይ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሐይቃችን ውሃ የበዛ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ሲሚንቶ ስትሸከም የተጎዳው ጎንህ ብርዱ ሲገባ ይቀሰቀስብሃል? እናታችን የሠራችልህን የሱፍ ካልሲ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለጓደኛ ሰጥተህ ባዶ እግርህን ቦት ጫማ ውስጥ ትከታለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደህና ናቸው? የምትሠራባት የየካተሪንቡርግ ከተማ ፖሊስ መንገድ ላይ እያስቆመ ያስቸግራችኋል ሲሉ ሰምተን እናታችን በየሶላቷ ስምህን ትጠራለች።

እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። አጎታችን ጁማሊ ታስሯል። አባባ ሲሞት ገላውን ያጠበው ኢሳቤክ መንጋጋው ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ተኝቷል። የአባባ ፎቶ ቤት አንድም ጤነኛ መስኮት የለውም። ስትደውል «ሁሉም ሰላም ነው» ያልኩህ እናታችን ክንዴን እየቆነጠጠችኝ ነው። አሁን ራሷ «ጻፊለት፤ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊለት» አለችኝ። በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋም።

የአባባ ሌንስ መጥፋቱን ታውቃለህ። ካረፈ በኋላ ቤቱን ስንገለብጥ ከረምን። ካሜራው አለ፣ ፊቱ ግን ባዶ ጉድጓድ ነው። አንተም «ቡሩል፣ ሸጠሽው እንዳይሆን» ብለህ ቀለድክ፤ ቀልዱ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆሟል። የዚህን ከተማ ሙሽሮች ሁሉ ያነሳ ሌንስ ነው። ሰውየው ጥርት ብሎ ይወጣና ከጀርባው የፖም ዛፉ ቅጠል ዙሪያውን የሚሽከረከር ይመስላል። ያንን ሽክርክሪት ዛሬ የሩቅ አገር ሰዎች እንደ ዕብድ እንደሚፈልጉት አባባ ሳያውቅ ሞተ።

ለካስ ሌንሱ በክረምት ካፖርቱ የገበር ኪስ ውስጥ ነበር። ብርዱ እንዳይነካው እዚያ ነበር የሚከተው። በደንባችን መሠረት የሟቹን ልብስ ገላውን ላጠቡት ሰዎች ስናከፋፍል ካፖርቱ ለኢሳቤክ ደረሰው። ኪሱን የፈተሸ አልነበረም፤ በዚያን ቀን ማን ኪስ ይፈትሻል?

በበጋው መጨረሻ አጎቴ ጁማሊ ስልኩን እያውለበለበ ከደጅ ገባ። ሰዎች አሮጌ የካሜራ ዕቃ የሚጫረቱበት የኢንተርኔት ጨረታ ላይ የሌንሱ ፎቶ ተለጥፏል። የጠርዙን ጎድጓዳ የማያውቅ የኛ ቤት ሰው የለም፤ በፈረስ ሆነው ፍየል በሚናጠቁበት ጨዋታ ላይ ፈረስ ረግጦት አባባ በጉጠት ያቃናው ነው። የሻጩ ከተማ የኛው ካራኮል ይላል። ካራኮል ውስጥ ያንን ካፖርት የለበሰው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ሩቅ ብትሆንም ደንቡን አልረሳኸውም። ለገላ አጣቢ የተሰጠ አይጠየቅም። በሩን አንኳኩተን «ኪስ ውስጥ የረሳነው ነገር ነበር» ብንል አባታችንን ከመቃብር አውጥተን ማራቆት ነው። ስለዚህ አጎቴ እንደ ማንም ባዳ ስሙን ደብቆ ሊጫረት ወሰነ። የሙት ዓመቱ ድግስ ቀን ሌንሱን ከአባባ ፎቶ ፊት አስቀምጦ «ይሄ የታላይ ነው» ሊል ነበር ሐሳቡ። እንግዲህ ይህን ልብ በልልኝ፤ ላንተ ነበር የሚጫረተው።

እኔ ተው ብዬው ነበር። አባባ ጎን ቆሜ ያደግሁት ለከንቱ አይደለም። «አጎቴ፣ ይሄ መስታወት እንደ ሰሃን ነው የሚያበራው። የአባባ ሌንስ ፊቱ ላይ ሐምራዊ ነገር ነበረው፤ ያ ቀለም የት ሄደ? ሰውየው በሆነ ነገር ፈትጎታል» አልኩት። «ፎቶው ሁሉ ከፊት ለፊት ነው። ከኋላው ብርሃን አስገብቶ ካላሳየ ውስጡ የበቀለ ሻጋታ አይታይም። ንጹሕ ነው ብሎ መጻፍማ ማንም ይጽፋል። ደግሞ ከታች እየው፣ አንዴ የተሸጠ አይመለስም ይላል» አልኩት። ፎቶው የእውነት የአባባን አሳይቶ በሳጥን ሌላ ብረት የሚልክም እንዳለ ነገርኩት። እሱ ምን አለኝ? «አንቺ ልጅ፣ እኔ መስታወት አይደለም የምገዛው። የእህቴን ባል እጅ ነው የምገዛው።»

ጨረታው ተጀመረ። ጀርመኑም ጃፓኑም ገቡ፣ ሰለቻቸውና ወጡ። አንድ ተጫራች ብቻ አልለቅ አለ። አጎቴ ሲጨምር ወዲያው ይጨምራል፣ አጎቴ ትንፋሹን ሳይሰበስብ እንደገና ከላዩ ይወጣበታል። ስሙ ከመጀመሪያው ፊደል በቀር በኮከብ ምልክት ተሸፍኗል። አጎቴ ምግብ አስጠላው። ለድግሱ ሊያርደው ያሰባውን ፈረስ እሸጣለሁ እስከማለት ደረሰ፤ እናታችን ልጓሙን ደበቀችበት።

በመጨረሻ ያበላሸው ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠግነው ሰው ነው። «ጋሼ ጁማሊ፣ እንደ ልጅ አያታልሉህ እንጂ! ባለቤቱ ራሱ ነው በሌላ ስም እየተጫረተ የሚሰቅልብህ። ሥራቸው ነው እኮ» አለው። ውሸት አይደለም፣ እንዲህ የሚያደርጉ ሻጮች ሞልተዋል። አጎቴ ግን «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሱ ሆነ ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ከብት ገበያ ሄድን። ለድግሱ የሚሆን በግ አይተን ልንመለስ ነበር። ኢሳቤክ ጥጃ ይዞ በረት ጥግ ቆሟል፣ የአባባን ካፖርት ለብሶ። አጎቴ ካፖርቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «የሟች ካፖርት ለብሰህ ሟችን ትቸረችራለህ? ደግሞ በገዛ ቤተሰቡ ላይ ዋጋ ትሰቅላለህ?» አለና አለንጋውን ፊቱ ላይ አሳረፈው። ኢሳቤክ «ጋሼ፣ ምን በደልኩ?» ሲል ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ። ልንገርህ ታላይ፣ የመጀመሪያው ሲያርፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥጃው ገመዱን በጥሶ ሄደ፣ በጎቹ እርስ በርስ ተረጋገጡ፣ ሰው «ያዙት!» እያለ ይጮኻል። አጎቴ አለንጋውን ገልብጦ በእንጨት እጀታው መታው፤ ያኔ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ ፍልጥ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ኢሳቤክ ተንበርክኮ ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ። አጎቴ አሁንም ይረግጠው ነበር። እጁ ላይ ተንጠልጥዬ ብጎትተው እኔንም በክርኑ ጣለኝ። ደሙ የአባባ ካፖርት ደረት ላይ ወርዶ ከአዝራሩ ሥር ረጋ።

ፖሊስ አጎቴን ይዞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የኢሳቤክ ወንድሞች በብረት ዘንግ መጡ። የፎቶ ቤቱን መስኮት አንድ በአንድ አወረዱት። አባባ ለፎቶ ጀርባ የሳለውን ያንን የሐይቅ መጋረጃ ቀደው በጭቃ ቦት ጫማቸው ረገጡት። አንዱ የእናታችንን ሻሽ ይዞ ሲጎትት እጁን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅሁትም። የፈላ ውሃ ከምድጃው አንስቼ ስወጣ ነው ወደ ኋላ ያሉት። «በድግሳችሁ ቀን የጁማሊን እጅ ቆርጠን ከፈረሱ ሥጋ ጋር እንቀቅለዋለን» ብለው ሄዱ። እናታችን መስታወቱ መሀል ቁጭ ብላ ፎቶዎቹን እያራገፈች ትሰበስብ ነበር።

በማግስቱ የኢሳቤክ ሚስት አይሻካን ብቻዋን መጣች። ዘንግ ይዛ ብትመጣ ይሻለኝ ነበር፤ ስልክ ነው የያዘችው። ሌንሱን ከጨረታው ስታወጣው የተጫራቾቹ ሙሉ ስም ወጥቶላታል፤ ያን የሚያየው ሻጭ ብቻ ነው። ወደ እናታችን ዞራ እንዲህ አለች፦ «እትዬ ኡልካን፣ ባሌ ራሱ ነው የተጫረተው ብላችሁ አይደል የሰበራችሁት? እኛ ቤት እኮ ያለው ስልክ ይሄ አንዱ ነው። ይኸው ስሙ። አንብቢ ቡሩል! ባሌ ይህን የውሻ ስም ከየት ያመጣዋል?»

አነበብኩ። «ቦይኖክ ባለ ሦስት እግር» ይላል።

ውሻችን ቦይኖክ። የጭነት መኪና እግሩን ሲቆርጠው ሹራብህ ውስጥ ጠቅልለህ ያመጣኸው፣ ሲሞት ከፖም ዛፉ ሥር የቀበርነው። አይሻካን ከማግባቷ፣ እነ ኢሳቤክ ወደ ሰፈራችን ከመምጣታቸው በፊት። እናታችን ስልኩን ተቀብላ ዓይኗ አጠገብ አደረገችው፣ ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ ነው» አለች።

አንተም ሌንሱን አይተኸዋል ማለት ነው። አንተም ደንቡን አክብረህ፣ ለማንም ሳትተነፍስ፣ ድንገት ልታስደስተን ነው። አውቃለሁ፣ ጎንህ እስኪሰበር ሠርተህ ነው። ይህን ሳስብ አለቅሳለሁ፤ አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ላንቅህ ያምረኛል። አንዲት ቃል ምን ነበረበት? «ቡሩል፣ የአባባን ሌንስ አግኝቻለሁ» ብትለኝ!

ሌላም ስማ። ኢሳቤክ ካፖርቱን በወሰደ ሰሞን ሌንሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናታችን አምጥቶላት ነበር። እሷ ናት «ከሟች ጋር የወጣ ዕቃ ተመልሶ ከገባ ሌላ ሞት ያመጣል» ብላ ከደጃፍ የመለሰችው። ለማናችንም አልነገረችንም። አይሻካን ባለችበት ነው የተናገረችው፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና። እሷ ዝም አለች፣ አጎቴ ዝም አለ፣ አንተ ዝም አልክ፤ መንጋጋው የተሰበረው የኢሳቤክ ነው።

በግ ይዘን፣ አዲስ ካባ ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ሌንሱ ከኢሳቤክ ራስጌ ነበር። አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረግሁት። ያልኩት ሁሉ አለበት። ለፎቶው እንዲያምርለት ብሎ በጥርስ ሳሙና ፈትጎታል፣ በቅንነት፤ ፊቱ በጥቃቅን ጭረት ታውሯል። ካፖርቱ በተሰቀለበት እርጥብ ጋጣ ውስጡ ሻግቶ፣ ሻጋታው በክረምት መስኮት ላይ እንደሚጋገር ውርጭ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከእንግዲህ ፎቶ አያነሳም። አጎቴና አንተ ስትተናነቁበት የነበረው ይህ ነው።

ኢሳቤክ በሽቦው መሀል እያፏጨ፣ ምራቁን በጨርቅ እየጠረገ ተናገረ፤ አይሻካን ደግማ ደግማ አሰማችን። «በግ አልፈልግም። ካባም አልፈልግም። ያ ተጫራች ይምጣ። አባቱን ሳጥብ ውሃውን ማቀበል የሱ ፋንታ ነበር፣ አልነበረም። አሁን ይምጣና ሌንሱን ከእጄ ይቀበል። በሰው ፊት ‹የተጫረትኩት እኔ ነኝ፣ ኢሳቤክ ሌባ አይደለም› ይበል። ያን ቀን ክሴን አነሳለሁ፣ ወንድሞቼንም እይዛለሁ» አለ። መርማሪውም የተጎዳው ሰው ካልታረቀ አጎቴ ወደ ወህኒ መውረዱ አይቀርም ብሎናል። በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ሳንባው፣ ከወህኒ በእግሩ እንደማይወጣ አንተም ታውቃለህ።

ወረቀትህ ጊዜው እንዳለፈበት አውቃለሁ። ድንበሩን ከተሻገርክ ለዓመታት በሩን እንደሚዘጉብህ፣ ሥራህም እዚያው እንደሚቀር አውቃለሁ። እህትህ ነኝና «ናልኝ» ለማለት ምላሴ ይከብደኛል። ግን ና። ለቀብሩ አልደረስክም፣ ማንም አልወቀሰህም፤ ለዚህ ካልደረስክ ግን እኔ ራሴ እወቅስሃለሁ።

አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ካልሲውን የሰጠኸው ልጅ እንዲመልስልህ ንገረው፣ መንገድ ላይ ያስፈልግሃል። አይሻካን ሰላም ብላሃለች፤ ሳትወድ፣ ግን ብላሃለች። ኢሳቤክ መናገር ስለሚያመው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ አየ፣ ያንን አድርሼልሃለሁ። አጎቴ ጁማሊን በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል አግኝቼው ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሽቦውን በቡጢ መታው። ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲስቅ ቆየ፣ መጨረሻው ልቅሶ ነበር። «በይው፣ ያ ልጅ አንዴም አላፈገፈገልኝም። የአባቱ ልጅ ነው» ብሎሃል።

እናታችን ሰላምታ አልላከችም። ምን ልጻፍልሽ ብላት «ባዶ አድርጊው፤ የኔን ሰላምታ ፊቱን እያየሁ ነው የምሰጠው» አለችኝ።

እህትህ ቡሩል
ካራኮል፣ በኅዳር መግቢያ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት